ከመጨረሻው ደወል በኋላ፦ በሴቶች አዳሪና ተመላላሽ ትምህርት ቤት የመካከለኛ ደረጃ ዓመታትን ለመኖር

አዳሪዎችና ተመላላሾች አብረው በሚማሩበት የሴቶች ትምህርት ቤት ቀኑ ሁለት ዓይነት ነው። እስከ መጨረሻው ደወል ሁሉም አንድ ናቸው። ክፍሉ፣ መምህሩ፣ የቤት ሥራው አንድ ነው። ደወሉ ሲደወል ግን ግማሾቹ ቦርሳቸውን አንግተው ወደ በሩ ይሄዳሉ፤ ግማሾቹ ወደ ዶርም ይመለሳሉ። እኔ በሁለቱም በኩል ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ተመላላሽ ነበርኩ፤ ኋላ አዳሪ ሆንኩ። ትምህርቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ከደወሉ እስከ መብራት መጥፊያ ያለው ሰዓት ነበር። እዚህ የምጽፈውም በብዛት ስለዚያ ሰዓት ነው።

“አንቺ” የምላት ከ11 እስከ 14 ዓመት ያለችውን ልጅ ነው። ለወላጆች መጨረሻ ላይ የራሳቸው ክፍል አለ።

እርምጃ 1፦ ከቤት ውጪ ማደርን ቀድመሽ ልመጂ

አዳሪ ልትገቢ ከሆነ ከመግቢያው ቀን በፊት ሁለት ሦስት ሌሊት ዘመድ ቤት እደሪ። አንዱን ሌሊት ወደ ቤት ሳትደውዪ እደሪ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ክሪስቶፈር ተርበር የልጆችን ናፍቆት ለዓመታት ያጠና ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከሕፃናት ሐኪሙ ኤድዋርድ ዋልተን ጋር ሆነው ለሐኪሞች ባዘጋጁት ጽሑፍ ከሰጧቸው ምክሮች አንዱ ይኸው ነው፦ ልጅ ከቤት ርቆ ማደርን አስቀድሞ ይለማመድ። ሌላው ምክራቸው ልጁ በውሳኔው ድምፅ ይኑረው የሚል ነው።

ትምህርት ቤቱን የመረጡት ወላጆችሽ ቢሆኑም አንቺ የምትወስኚው ነገር አይጠፋም። የምትወስጂውን ብርድ ልብስ አንቺ ምረጪ። በሳምንት ስንት ቀን እንደምትደውዪ አብራችሁ ተነጋገሩ። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ግን “ተላክሁ” በማለትና “ሄድኩ” በማለት መካከል ያለው ልዩነት ከእነሱ ይጀምራል።

እርምጃ 2፦ ሻንጣሽን ራስሽ አዘጋጂ

እናትሽ ብታዘጋጅልሽ ሻንጣው ያምራል። ችግሩ የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ካልሲሽ የት እንዳለ አታውቂም። ስለዚህ አንቺ አስገቢ፤ እሷ ታይልሽ።

ሁሉም ልብስ ላይ ስምሽ ይጻፍ። ካልሲም፣ ፎጣም፣ የውስጥ ሱሪም። ዩኒፎርም ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከማጠቢያ ሲመለስ የማን እንደሆነ የሚለየው ስሙ ብቻ ነው። በማይለቅ ቀለም ጻፊ ወይም በክር ስፊው። ቁልፍ ያለው ነገር ካለሽ ትርፍ ቁልፉን ለዶርም ኃላፊዋ ስጪ። ለሻወር የሚሆን ነጠላ ጫማ ያዢ። የእግር ፈንገስ የሚተላለፈው ብዙ ሰው በባዶ እግሩ በሚረግጠው እርጥብ ወለል ላይ ነው።

ጫማና ቀሚስ ትንሽ ሰፋ ያለ ይሁን። ሴት ልጅ በፍጥነት የምታድገው በአብዛኛው በ11 እና በ12 ዓመቷ አካባቢ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ልክ የሆነው ጫማ በአጋማሹ ጣትሽን ይጫናል። ከቤት ደግሞ አንድ የቆየ ነገር ይዘሽ ነዪ። ያገለገለ ትራስ ልብስ፣ ፎቶ፣ የለመድሽው ሹራብ። ሁሉ ነገር አዲስ ሲሆን ሌሊቱ ይረዝማል።

ተመላላሽ ከሆንሽ ያንቺ ሻንጣ ሎከርሽ ነው። አንድ ቅያሪ ካልሲ፣ አንድ የውስጥ ሱሪ፣ ሞዴስ፣ ማበጠሪያ፣ እርሳስ። ዝናብ የመታሽ ቀን ታመሰግኚኛለሽ።

እርምጃ 3፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቦታና ሰው አጥኚ

ጓደኛ ለማግኘት አትቸኩዪ። መጀመሪያ እነዚህን እወቂ፦

ሌሊት ሽንት ቤት በየት በኩል ይኬዳል? መብራቱ የት ጋ ነው የሚበራው? በቀን አንዴ መንገዱን ሂጂበት። ፈርተው ሌሊቱን ሙሉ ሽንታቸውን ይዘው የሚያነጉ ልጆች አይቻለሁ።

ሌሊት ቢያምሽ የምትቀሰቅሺው ማንን ነው? በሯን እዪው።

ክሊኒኩ የት ነው? በስንት ሰዓት ይከፈታል?

እሳት ቢነሳ በየትኛው በር ነው የሚወጣው?

ከዚያ የክፍልሽን ልጆች ስም ያዢ። በስሟ ስትጠሪያት የማትዞር ልጅ የለችም።

አልጋ የመምረጥ ዕድል ካገኘሽ እኔ የታችኛውን እመርጣለሁ። ሌሊት መውረድ ይቀላል፤ ዕቃም ከሥሩ ይገባል። ሰው ሁሉ የሚቀመጥበት አልጋ መሆኑን ግን እወቂ። ብቻዬን መሆን እወዳለሁ ካልሽ የላይኛው ይሻልሻል።

እርምጃ 4፦ ናፍቆት ሲመጣ

ይመጣል። ላንቺ ብቻ አይደለም። ትስቅ የነበረችውም ልጅ ከመብራት መጥፊያ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ናፍቆት ሰዓት አለው። በትምህርት ሰዓት ብዙም አይታይም። ከመጨረሻው ደወል በኋላ፣ ተመላላሾቹ በበሩ ሲወጡ፣ ከዚያም መኝታ ላይ ይበረታል። ቅዳሜና እሑድም እንዲሁ፤ ጊዜው ባዶ ስለሆነ ነው። ሰዓቱን ካወቅሽ ልትቀድሚው ትችያለሽ። ደወሉ እንደተደወለ እጅሽና እግርሽ ሥራ ይኑራቸው። ስፖርት፣ ልብስ ማጠብ፣ ክበብ፣ ቤተ መጻሕፍት። የፈለግሽውን ምረጪ። ብቻ በዚያ ሰዓት አልጋ ላይ አትውጪ።

ወደ ቤት የምትደውዪው ከእራት በፊት ይሁን። ይህን ምክር ብዙ ሰው አይሰጥሽም። መኝታ ላይ ከደወልሽ ድምፃቸው ጆሮሽ ውስጥ እያለ መብራቱ ይጠፋል። ከእራት በፊት ከሆነ ግን ብታለቅሺም እራት አለ፣ ጥናት አለ፣ ወሬ አለ። ልብሽ የሚረጋበት ጊዜ ታገኛለሽ። ስትደውዪም የከፋሽን ብቻ አትንገሪ። አንድ የተማርሽውን ወይም ያየሽውን ነገር ጨምሪ። የእነሱን ጭንቀት ለማቅለል ብቻ አይደለም፤ አንቺም ቀኑ ውስጥ ምን እንደነበረ ታስታውሻለሽ።

ማልቀስ ከፈለግሽ አልቅሺ። ከዚያ ፊትሽን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ። ለአንድ ሰው ተናገሪ፤ ለጓደኛ፣ ለዶርም ኃላፊዋ፣ ለምትወጃት መምህርት። ደብዳቤ መጻፍም ጥሩ ነው። እኔ በየቀኑ ለእናቴ እጽፍ ነበር። የላክሁት ግን ጥቂቱን ነው። መጻፉ ራሱ ያሳርፈኝ ነበር።

ለአብዛኛዋ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየቀለለ ይሄዳል። እየባሰ ከሄደ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለሽ፣ ከዚያ በኋላ ብቻሽን የምትሸከሚው ጉዳይ አይደለም። ንገሪ።

እርምጃ 5፦ የጥናት ሰዓትሽን በቅደም ተከተል ያዢ

አዳሪ ከሆንሽ የጥናት ሰዓቱ ተወስኖልሻል። ተመላላሽ ከሆንሽ መንገዱ ጊዜ ይበላብሻል፤ ቤት ስትደርሺም ሥራ ይጠብቅሻል። ለሁለታችሁም የሚሠራ አንድ ደንብ አለኝ፦ ጥያቄ ሊወልድ የሚችለውን ትምህርት ቀድመሽ ሥሪ። ለአዳሪዋ፣ የምትጠይቂው መምህር ወይም ታላቅ ተማሪ ጥናት ክፍል ውስጥ እያለ ማለት ነው። ለተመላላሿ፣ ከግቢ ሳትወጪ፣ በሩ ጋ ቆመሽም ቢሆን የሒሳቡን የመጀመሪያ ጥያቄ ሞክሪ ማለት ነው። ከተጣበቀብሽ የሚያስረዳሽ ሰው አጠገብሽ አለ። የሚገለበጥና የሚሣል ነገር ለመጨረሻ ይቆይ።

ሁለተኛው ነገር፣ የዛሬውን ትምህርት ዛሬ ማታ አስታውሺው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው ቃላት በቃሉ እያጠና ራሱን ፈትኖ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። ያገኘው ነገር ቀላል ነው፦ ሰው አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። ስለዚህ ደብተርሽን ዝጊ። ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሺውን ጻፊ። ከዚያ ደብተሩን ከፍተሽ የጎደለውን ሙዪ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ድገሚው። ደብተርን አሥር ጊዜ ከማንበብ ይህ ይበልጣል። ስታነቢ ያወቅሽ ይመስልሻል፤ ስትጽፊ ግን የማታውቂው ይታይሻል።

የቡድን ሥራ ሲሰጥ ጠቡ የታወቀ ነው። አዳሪዎቹ “ማታ እንገናኝ” ይላሉ፤ ተመላላሾቹ ማታ የሉም። ከዚያ ሥራው በአዳሪዎቹ ላይ ይወድቃል፤ ቂም ይያዛል። መፍትሔው ሥራው በተሰጠበት ቀን፣ ገና ከክፍል ሳትወጡ፣ ማን ምን እንደሚሠራ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። የምትገናኙት በምሳ እረፍት ይሁን። ተመላላሿ ብቻዋን ቤት ልትሠራው የምትችለውን ክፍል ትውሰድ።

እርምጃ 6፦ እንቅልፍሽን ጠብቂ

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ከ8 እስከ 10 ሰዓት። በዚህ ዕድሜ ሰውነትሽ ራሱ የእንቅልፍ ሰዓቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ማታ ንቁ የምትሆኚው፣ ጠዋት አልነሣ የምትዪው ስንፍና ሆኖ አይደለም። የመነሻ ደወሉ ግን አይጠብቅሽም።

ዶርም ውስጥ እንቅልፍ የሚሰርቀው ሹክሹክታ ነው። ወሬው ጣፋጭ ነው፤ አውቃለሁ። እኛ ክፍል ያደረግነው፣ ለወሬ አንድ ማታ መደብን። በማግስቱ ትምህርት የሌለበትን ማታ። በሌላው ቀን መብራት ሲጠፋ አፍም ይዘጋል። ሁሉም እኩል ስለተስማማንበት ማንም አልተቆጣችም።

እርምጃ 7፦ የወር አበባ

የሴቶች ትምህርት ቤት አንዱ ትልቅ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የምታፍሪበት ሰው የለም። አብዛኛዋ ልጅ የመጀመሪያውን የምታየው ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ብዙዎቹ በ12 ዓመታቸው አካባቢ። ማለትም እነዚህን ዓመታት የምታሳልፊው ልክ በሚመጣበት ጊዜ ነው። ክፍል ውስጥ ሊጀምርሽ ይችላል።

ገና ሳይመጣ ትንሽ ቦርሳ አዘጋጂ። ሁለት ሞዴስ፣ አንድ የውስጥ ሱሪ፣ አንድ ላስቲክ፣ ሶፍት። ከደብተርሽ ጋር አብሮሽ ይሂድ። አዳሪ ከሆንሽ ለሙሉ የትምህርት ወቅቱ አስቢ። በቀን 4 ወይም 5 ብትቀይሪ፣ ለ5 ቀን 20 ወይም 25 ይሆናል። ይህን በወራቱ ቁጥር አባዢው። ከዚያ ትንሽ ጨምሪ፣ ምክንያቱም ሰው ይለምንሻል፤ መስጠትም አለብሽ።

በድንገት ከመጣ የቅርብሽን ልጅ ጠይቂ። ሹራብሽን ወገብሽ ላይ እሠሪና ለመምህሩ “ክሊኒክ ልሂድ” በዪ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ብዙም ባይፈስ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ሞዴሱን ቀይሪ። ያገለገለውን ጠቅልለሽ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨምሪ። ሽንት ቤት ውስጥ አትጣዪ፤ ቧንቧው ይዘጋና ለሁላችሁም ችግር ይሆናል። ልብስ ከነካ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢው፣ ከዚያ በሳሙና። ሙቅ ውኃ ደምን ጨርቁ ላይ ያስቀረዋል። ሆድሽን ከቆረጠሽ ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለሽ እንብርትሽ ሥር አድርጊ። ኪኒን ከነርሷ እንጂ ከጓደኛ አትውሰጂ።

በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ዓመታት ቀኑ ቢዘባረቅ አትደንግጪ። ግን ሞዴሱ በየሰዓቱ እየሞላ ከቀጠለ፣ ከ7 ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም ሕመሙ ከክፍል የሚያስቀርሽ ከሆነ ለነርሷ ንገሪ። አንዲት ልጅ ልብሷ ላይ ቢታይ ደግሞ ጠጋ ብለሽ በጆሮዋ ንገሪያት፤ ከኋላዋ ሆነሽ አብረሻት ውጪ። ይህን ያደረገችልኝን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ስለ ቅማልም አንድ ነገር ልበል። ቅማል አይዘልም፣ አይበርም። ይሳባል። ጭንቅላት ከጭንቅላት ጋር ሲነካካ ነው የሚሻገረው፤ አንድ ትራስ ላይ ተጋድማችሁ አንድ መጽሐፍ ስታዩ። የቆሻሻነት ምልክት አይደለም። እንቁላሉ የሚፈለፈለው ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ አንዴ ታክመሽ አያበቃም። ነርሷ በነገረችሽ ቀን ድገሚው። የተገኘባትን ልጅ ስም የምታዞር ሰው ካለች አትከተያት።

እርምጃ 8፦ ኩርፊያና ሁለቱ ወገኖች

ዶርም ውስጥ ከተጣላሽ የምትሄጂበት የለም። ያኮረፍሻት ልጅ ከበላይሽ ትተኛለች። ስለዚህ ኩርፊያን እዚያው ቀን መፍታት ያስፈልጋል። አንድ ሰዓት ያህል ተለያዩ። ከዚያ ከዶርም ውጪ፣ ሁለታችሁ ብቻ ተነጋገሩ። በመልእክተኛ አይሁን። ስለ አንዱ ነገር ብቻ አውሪ። “አንቺ ሁልጊዜ…” ብለሽ ከጀመርሽ ያለፈው ዓመት ሁሉ ይመጣል። “ዛሬ ይህን ስትዪ ከፋኝ” በዪ። ቲፎዞ አትሰብስቢ። እናንተ ከታረቃችሁ በኋላም ቲፎዞዎቹ እንደተኳረፉ ይቀራሉ።

የአዳሪና የተመላላሽ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። ብዙውን ጊዜ ጠብ የለም፤ ያለው የአንዱ ወገን ወሬ ለሌላው አለመድረሱ ነው። ጠዋት ተመላላሿ ስትመጣ አዳሪዎቹ በማታው ነገር ይስቃሉ። እሷ አልነበረችም። ማታ ደግሞ ተመላላሾቹ በስልክ ይጻጻፋሉ። የአዳሪዎቹ ስልክ ተሰብስቧል። በማግስቱ እያንዳንዱ ወገን ሌላው የደበቀው ነገር ያለ ይመስለዋል። በዚህ ምክንያት ብቻ የተለያዩ ጓደኛሞች አውቃለሁ።

የሚደረገው ቀላል ነው። አዳሪ ከሆንሽ ጠዋት ታሪኩን ከመጀመሪያው ንገሪያት፤ “እዚያ ብትኖሪ ነበር” ብለሽ አትዝጊው። ተመላላሽ ከሆንሽ በስልኩ የተባለውን ጠዋት በቃል አድርሺ። ስለሌለችው ልጅ በማታ ምንም አትወስኑ። ምሳ ላይ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ተቀላቅላችሁ ተቀመጡ።

አዳሪ ጓደኛሽን ቅዳሜና እሑድ ቤትሽ ልትወስጂያት ከፈለግሽ መጀመሪያ ወላጆችሽን ጠይቂ፤ ከዚያ እሷ ወላጆቿን ትጠይቅ፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ይፍቀድ። የመመለሻ ሰዓቱን ከወላጆችሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። አንድ ቀን ከዘገያችሁ ቀጣዩ ፈቃድ ይከብዳል። ቤት ከገባች በኋላ እንደ እንግዳ አታስጨንቂያት። ዝም ብላ ሶፋ ላይ መጋደም ሊሆን ይችላል የናፈቃት።

እርምጃ 9፦ እምቢ ማለት ያለብሽ ቦታ

ተመላላሾች ሆይ፣ አዳሪዎቹ ከውጪ ዕቃ አስገቡልን ይሏችኋል። እርሳስና ሳሙና ችግር የለውም። ስልክ፣ መድኃኒት፣ ግቢው የከለከለው ነገር ከሆነ ግን እምቢ በዪ። “ቦርሳዬ ይፈተሻል፤ አልችልም” በቂ ነው። ከተያዘ የሚጠየቀው ያስገባው ነው።

አዳሪዎች፣ ታላላቆቹ ሊልኳችሁ ይሞክራሉ። ውኃ ቅጂልኝ ብትልሽ አንዴ መላላክ ምንም አይደለም። የየዕለት ልብሷን ካሳጠበችሽ፣ ምግብሽን ከወሰደችብሽ፣ ካስፈራራችሽ ግን ያ ልማድ አይደለም፤ ጥቃት ነው። “እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው” የሚለውን አትቀበዪ። ቀኑንና የሆነውን ጻፊና ለምታምኛት ትልቅ ሰው አሳዪ። አንዷ ካልሰማችሽ ሌላዋ ዘንድ ሂጂ። የሚሰማሽ እስኪገኝ አታቁሚ።

አንድ ትልቅ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ “ይህ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር” ካለሽ፣ ያለምክንያት ብቻሽን ሊያገኝሽ ከፈለገ፣ ሰውነትሽን ከነካ ወይም ፎቶ ከጠየቀሽ፣ በዚያው ቀን ንገሪ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ብትዘገዪም ንገሪ።

ለወላጆች

“ካልተመቸሽ ወዲያው መጥቼ እወስድሻለሁ” አትበሏት። ተርበርና ዋልተንም ከዚህ ቃል ያስጠነቅቃሉ። ልጅቷ ገና ሳትሞክረው መውጫውን ትጠብቃለች፤ እናንተም እንደማትችል እንደምታምኑ ይሰማታል። ይልቅ “መጀመሪያ ላይ ሊከብድሽ ይችላል፤ እንዴት እንደምታልፊው አብረን እናስባለን” በሏት።

ስትደውል እያለቀሰች ከሆነ መጀመሪያ ስሟት። ከዚያ ነገ ምን እንዳለባት ጠይቋት። ስልኩን ስትዘጉ እናንተ ታለቅሱ ይሆናል። እሷ ግን ብዙ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከጓደኞቿ ጋር እራት ላይ ናት። ቢያስጨንቃችሁ ለዶርም ኃላፊዋ ደውሉና እንዴት እንደዋለች ጠይቁ። ቤት ውስጥ ሕመም ወይም ሐዘን ካለ፣ አትደብቋት። ከሌላ ሰው ከሰማች ከዚያ ወዲያ ስልክ በተደወለ ቁጥር ትሠጋለች።

መሄድ ያለባችሁ ጊዜም አለ። ለሁለት ሳምንት ያህል በደንብ ካልበላች ወይም ካልተኛች፣ አንድን የተለየ ሰው ወይም ቦታ የምትፈራ ከመሰላችሁ፣ ራሷን ስለመጉዳት ካወራች። ያን ጊዜ አትጠብቁ። ሄዳችሁ ፊት ለፊት እዩዋት።

ለእረፍት ስትመጣ የመጀመሪያውን ቀን ለእንቅልፏ ተዉላት። ዘመድ አትጥሩ፤ ውጤት አትጠይቁ። ሻንጣዋን አብራችሁ ፍቱ፤ የጠፋውንና የጠበባትን መዝግቡ። ፀጉሯን ስታበጥሩላት ከጆሮዋ ጀርባና ከማጅራቷ በላይ በደንብ እዩላት። ወሬው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታችሁ ስትቀመጥ።